ግርግርና ጭፈራ

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ስልኬን ተሰረቅሁ። ቅር አላለኝም። ዋልያዎቹ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፈዋል። እኔ መስቀል አደባባይ ከማላውቀው ሰው ሁሉ ጋር ተቃቅፌ እዘላለሁ። ካቀፉኝ አንዱ ስልኬን ይዞ ሄደ። የትኛው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ሁሉም ከልባቸው ነበር ያቀፉኝ።

መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ክላክሱ ጆሮ ያደነቁራል። ማታ ሰፈር ስደርስ ኮሽታ የማይወዱት የእድራችን ዳኛ ጋቢያቸውን እያውለበለቡ በር ላይ ቆመዋል። ስልኬን ነገርኳቸው።

«ለአገር ይሁን!» አሉኝ።

እኚሁ ጋሼ ናቸው እንግዲህ። በቀደም ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ 3ኛ ሳምንቱን ያዘ። ቢጫ ጀሪካኖቻችንን ከበን ስናማርር አንዲት እናት «ለምን ይሄን ባዶውን ይዘን፣ ተሰብስበን ቢሮ ድረስ አንሄድም?» አሉ።

ሁሉም ጀሪካኑን ማየት ጀመረ። ጋሼ ግራ ቀኝ ቃኙና «ግርግር ለሌባ ይመቻል» አሉ። ለዚያውም እኔን እያዩ!

«መንገድም ይዘጋል፤ ሰው ከሥራው ይስተጓጎላል» አለ ሌላው ጎረቤታችን። ይሄ ሰው ልጁን የዳረ ዕለት አደባባዩን በ12 መኪና 3 ጊዜ ዞሯል። ቪዲዮ ቀራጩ የፊተኛው መኪና ኮፈን ላይ ቂጥ ብሎ፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ፣ «ቀስ! ቀስ በሉ!» እያለ ከተማውን በሙሉ በኤሊ እርምጃ ነድቶታል። ታክሲ ውስጥ የታሰርነው እኛም ምን አልን? እልል አልን።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ ሰልፍ መውጣት መብት ነው ይላል። የ1983ቱ አዋጅ ደግሞ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ይላል። ሳላዲን ሰኢድ ሁለተኛዋን ጎል ከማግባቱ ከ48 ሰዓት በፊት ለማን ደብዳቤ እንደገባ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ምርጫ 97ን ተከትሎ የሆነውን ያየ ወላጅ ልጁን «ሰልፍ ውጣ» ባይል አልፈርድበትም። እሱ ላይ አልቀልድም። እኔን የሚገርመኝ ፍርሃታችን በር ላይ ቆሞ ከበሮ ሲሰማ ዞር ብሎ ማሳለፉ ነው። ታላቁ ሩጫን እዩት። ቆሞ ትንፍሽ የማይል ሰው ቲሸርት ለብሶ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ የሆዱን ሁሉ በዜማ ሲዘረግፈው ይውላል።

ምሽት ላይ ጋሼ በሬን አንኳኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

«በዚህ ሰሞን ከሰፈሩ ሰርግ ያለው ማነው?»

«ምነው ጋሼ?»

«አይ፣ መኪኖቹ በውሃ ቢሮው በኩል ቢያልፉ ብዬ ነው። ጀሪካኑን ሚዜዎቹ ይይዙታል።»