ኪልት ለብሶ ጎራዴ መማዘዝ

ልጄ ኤድንበራ ውስጥ የጎራዴ ስፖርት መማር ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ፌንሲንግ የሚባለውን ይህን ስፖርት በኦሎምፒክ ሰሞን በቴሌቪዥን በጨረፍታ ከማየት ያለፈ አላውቀውም ነበርና፣ ተጋጣሚዎቹ ሁሉ ነጭ በነጭ የሚለብሱ ይመስለኝ ነበር። ልጄ የሚማረው ግን የጥንቱን የስኮትላንድ ሰፊ ጎራዴ፣ እጀታው እጅን እንደ ቅርጫት በሚከልል ብረት የተሸፈነውን፣ ከሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ ነው፤ ከመምህራኑም አንዱ ዘወትር ኪልት የሚባለውን የስኮትላንድ ወንዶች ሽንሽን ጉርድ ልብስ ለብሰው ያሠለጥናሉ። አንድ ቅዳሜ አብሮኝ የመጣ ያገሬ ሰው ይህን አይቶ፣ «ወንድ ልጅ ጉርድ ቀሚስ ለብሶ እንዴት ይጋጠማል?» ሲል ጠየቀኝ። በንቀት አልነበረም የጠየቀው፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን በልቤ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

መልሱ ያለው እንቅስቃሴው ውስጥ ነው። አንድ ሙሉ ኪልት 8 ያርድ ገደማ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ የሱፍ ጨርቅ ይፈጃል፤ ከፊት ዝርግ ሆኖ ሽንሽኑ ከኋላ ነው። ተጋጣሚው ወደ ፊት ተወርውሮ ጉልበቱን ሲያጥፍ፣ ሱሪ ቢሆን ጭኑ ላይ በሚወጠርበት ሰዓት ሽንሽኑ ተከፍቶ እግሩን ይለቀዋል። የሰፊ ጎራዴ ትምህርት ደግሞ እግርን አጥብቆ ይጠብቃል። ባላጋራ እግርን ለመምታት ሲዘረጋ የፊተኛውን እግር ፈጥኖ ወደ ኋላ ስቦ፣ በዚያው ቅጽበት በባላጋራው እጅ ወይም አናት ላይ መሰንዘር ያስፈልጋል፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት ያለው ርቀት ረጅም ስለሆነ፣ እግር የሚመታ ሰው የግድ ቀርቦ ራሱን ያጋልጣልና። መምህሩ ይህን ሲያሳዩ ያየ ሰው ልብሱና ትምህርቱ አብረው ያደጉ መሆናቸውን አይጠራጠርም።

የዛሬው የተሰፋ ኪልት ከመለመዱ በፊት ደገኞቹ ስኮትላንዳውያን አንድ ረጅም ጨርቅ በቀበቶ ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ትርፉን ትከሻቸው ላይ ይጥሉት፣ ሌሊት ደግሞ ይከናነቡት ነበር። ጋቢን ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። በ1746 እ.ኤ.አ. ኩሎደን በተባለ ስፍራ በመንግሥት ጦር ከተሸነፉ በኋላ ግን የለንደን ፓርላማ የደገኞቹን ልብስ ለወንዶች የሚከለክል ሕግ አወጣ። መጀመሪያ የተያዘ ሰው 6 ወር ይታሰራል፤ ዳግመኛ ከተያዘ ለ7 ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ክልከላው የማይነካቸው ለንጉሡ የሚዋጉ ወታደሮች ነበሩ። ሕጉ የተሻረው በ1782 ስለሆነ፣ አንድ ትውልድ ያህል ልብሱን በነፃነት ለብሶ ጎራዴ መታጠቅ የቻለው ወታደር ሆኖ ያገለገለ ሰው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስኮትላንዳውያን ዛሬም ኪልትን በአብዛኛው ለሠርግና ለበዓል ያወጡታል፤ ስለዚህ ላብ በላብ እስኪሆኑ ለብሰውት የሚሠለጥኑትን ሰዎች ከልቤ አከብራቸዋለሁ።

በዓለም አቀፉ የፌንሲንግ ውድድር ግን ኪልት ቦታ የለውም፤ ሱሪው ከጉልበት በታች መታሰር፣ ካልሲውም እስከዚያ መድረስ አለበት። ይህ ባህልን ከመናቅ የመጣ አይደለም። በ1982 ሮም ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የሶቪየት ኅብረቱ ቭላድሚር ስሚርኖቭ የተጋጣሚው ስለት ተሰብሮ ጭንብሉን በመብሳቱ ሕይወቱ ካለፈ ወዲህ፣ የጭንብሉም የልብሱም የስለቱም ጥንካሬ መመዘኛ እጅግ ጠብቋል። ይኸው ገላን የመሸፈን ደንብ ለሌላው በር ከፍቷል፤ አሜሪካዊቷ ኢብቲሃጅ ሙሐመድ በ2016 ሪዮ ላይ ሒጃቧን እንደለበሰች ሴበር በሚባለው የጎራዴ ዓይነት በቡድን ውድድር ነሐስ አግኝታለች። የልጄ መምህርም ቢሆኑ ጭንብላቸውን፣ ወፍራም ጃኬታቸውንና ጓንታቸውን አይተዉም፤ ከኪልቱ ሥር የጉልበትና የቅልጥም መከላከያ ያስራሉ።

ለወዳጄ ይህን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ አፋርን አስታወስኩት። በወጣትነቴ አዋሽ ሸለቆ በሥራ በቆየሁበት ጊዜ፣ ሽርጡን አገልድሞ ጊሌውን ወገቡ ላይ የታጠቀ ወንድ በየቀኑ አያለሁ፤ ልብሱን ቀሚስ ብሎ ለመጥራት የሚደፍር ቀርቶ የሚያስብም አልነበረም። ታዲያ ወገቡን በጨርቅ ጠምጥሞ ስለት የሚታጠቅ ወንድ ባለበት አገር ያደግን ሰዎች ኤድንበራ ስንደርስ በኪልት የምንደነቀው ለምንድን ነው? እኔን የሚያሳዝነኝ የገዛ አገራችንን አለማወቃችን ነው። ሾተል ቆልማማ የሆነው ከጋሻ ጀርባ ዞሮ እንዲወጋ መሆኑን እኔ ራሴ የተማርኩት እዚህ፣ ልጄ ጠይቆኝ መልስ ስፈልግ ነው። ጉግስንም፣ ፈረሰኞች ዘንግ እየተወራወሩ በጋሻ የሚመክቱበትን ያን ድንቅ ጨዋታ፣ አዲስ አበባ ስላደግሁ በዓይኔ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አዲስ አበባም ሆነ እዚህ የአገር ልብስ የምንለብሰው ለፎቶና ለእስክስታ ሆኗል፤ ያን ልብስ ለብሶ ጋሻ እንዴት ይያዝ እንደነበር ለልጅ የሚያሳይ ሰው ግን በቅርቤ የለም።

ልጄ በበኩሉ ሽርጥ ለብሶ መሠልጠን ይቻል እንደሆነ መምህሩን ጠየቃቸው። እሳቸውም ጨርቁ እንዴት እንደሚጠመጠምና ሲሮጡበት ይፈታ እንደሆነ በዝርዝር ከጠየቁ በኋላ፣ የጉልበት መከላከያውን ከሥሩ እስካሰረ ድረስ ፈቅደውለታል። ለፋሲካ ከአዲስ አበባ የምትመጣው እህቴ ሁለት ሽርጥ እንድታመጣ ነግሬያታለሁ፤ አንዱ ለመምህሩ ነው።