ኮፒ ቤቷ የምታውቀውን ቢሮው ለምን አይነግረንም?

ሰሞኑን ለልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ላወጣ እዚሁ ሐዋሳ አንድ ቢሮ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን "ጉርድ ፎቶ ይጎድላል" ተባልኩ። በማግስቱ "የእናቷ መታወቂያ ኮፒስ?" መጣ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል። የባጃጁ ወጪና ከሥራ የማስፈቀዱ ጣጣ ሳይቆጠር ነው እንግዲህ።

"ቀድመህ ኮፒ ቤቷ ጋ ብትጠይቅ ኖሮ" አለኝ አብሮኝ የተሰለፈ ሰው።

ከበሩ ፊት ለፊት ካለች ጠባብ ቤት አንዲት ልጅ አንድ ማሽን ይዛ ተቀምጣለች። ቀና እንኳ ሳትል "ለልደት ነው ለጋብቻ?" አለችኝ። የሚያስፈልገው ሁሉ በእስክርቢቶ ተጽፎ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ፕላስተሩ በፀሐይ ቢጫ ሆኗል። ከተለጠፈ ቆይቷል ማለት ነው።

ሥራ ማቅለል ሲባል ቶሎ የሚታየን ኮምፒውተርና አፕ ነው። አልጠላም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ ለመብራት ሂሳብ መሰለፍ ትቻለሁ። ፋይዳም አለን፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ ቁጥር 1284/2015 ነው። ባለ 12 አሃዙ ቁጥር የተሰጠኝ ማንነቴ ከሲስተሙ እንዲረጋገጥ ነበር። እኔ ግን የተጠየቅኩት የፋይዳ ካርዴን ፎቶ ኮፒ ነው። ያውም ሁለት!

መስኮቱ ላይ ያለውን ልጅ ልቆጣው ከጅሎኝ ነበር። "ወንድሜ፣ ነገ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀኝ ወረቀት ነው። ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ተጠያቂው እኔ ነኝ" አለኝ። ምን ይመለስለታል? እውነቱን ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ሁለት ኮፒ አስመጣ ነበር፤ ምናልባት ሦስት። ይህን ልጅ ሥልጠና ብንልከው፣ አዲስ ኮምፒውተር ብንገዛለት ከኦዲተሩ አያድነውም። የሚያድነው "ቁጥሩን አረጋግጦ መመዝገብ ይበቃል፣ ኮፒ አይጠየቅ" የሚል ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። ግልባጩም ለኦዲተሩ መድረስ አለበት፤ አለዚያ ዋጋ የለውም።

ደብዳቤው እስኪመጣ ግን በጀት የማይጠይቅ ሥራ አለ። መንገዱን ተሻግሮ የልጅቷን ዝርዝር ማስገልበጥና በሩ ላይ መለጠፍ። ለቢሮው ከሆነ አንዷን ገጽ በነፃ ሳትሠራላቸው አትቀርም።