እጅ ያወጣው ማን ነው?

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ከሚያዝያ 27 አደባባይ ትንሽ ወረድ ሲሉ የፓርላማው የሰዓት ማማ ይታያል።

የሰፈራችን እድር በየወሩ ይሰበሰባል። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ማንም ቅር አይለውም፣ የጋራ ጉዳያችን ነዋ። የፓርላማ ተወካያችን ዘንድሮ ስንት ቀን እንደተገኙ ብጠየቅ ግን መልስ የለኝም።

ሕግ ሲጸድቅ ዜናው የምንሰማው በቁጥር ነው፦ ይህን ያህል ተቃውሞ፣ ይህን ያህል ድምፀ ተዓቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ድምፁ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። እጁ ይቆጠራል፤ የባለእጁ ስም ግን አብሮ አይነገረንም።

ይሄ የሚያንገበግበኝ አለምክንያት አይደለም። በእኛ አገር አንድ የምርጫ ክልል የሚልከው አንድ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያላት 23 ወንበር ነው። ያ ሰው ከቀረ ሰፈሩ ቀረ ማለት ነው። ስሌቱንም እዩት። የምክር ቤቱ 547 ወንበሮች በሙሉ ቢያዙ ምልዓተ ጉባኤ ለመሙላት 274 ሰው ይበቃል። ከእነዚህ ውስጥ 138ቱ እጅ ካወጡ የመላ አገሪቱ ሕግ ይሆናል። የአንድ ሰው መቅረት ቀላል ነገር አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። ምን አይተን ነው እምነት የምናጣው? ምን አይተንስ ነው የምናምነው?

አንድ ጓደኛዬ ማኪያቶ ላይ «ፓርቲ ከወሰነ በኋላ የአንድ ሰው ስም ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። እኔ አልተቀበልኩትም። አንቀጽ 54 ተወካዩ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ይላል። ኅሊናውን ሰምቶ የተቃወመውንም ቢሆን መራጩ በስሙ ሊያውቀው ይገባል። የቀረው ሁሉ ሰነፍ ነው አልልም። የመስክ ሥራ አለ፣ ሕመም አለ። ምክንያቱም አብሮ ይጻፍ።

የሀብት ጉዳይም አለ። አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተመራጮች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው። እኔ የምፈልገው ግን ከድምፃቸው ጎን ለጎን ማየት ነው። ስለ ማዕድን ሕግ እጁን የሚያወጣ ሰው የማዕድን ድርጅት ውስጥ ድርሻ ካለው ቀድሜ ልወቀው።

ኬንያ ውስጥ ምዛሌንዶ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ሁለት ዜጎች በራሳቸው ተነሳሽነት የጀመሩት ነው፤ የፓርላማ አባላቱ ምን እንደተናገሩ በየስማቸው ያስቀምጣል። እኛም ጋ ይህን ለመሥራት የሚጓጉ ልጆች አይጠፉም። የሚጎድላቸው መረጃው ነው።

ስለዚህ ምክር ቤቱ ከየስብሰባው በኋላ አንድ ሠንጠረዥ ያውጣ። ስም፣ የምርጫ ክልል፣ ተገኘ ወይስ ቀረ፣ ድምፁስ? ሰኔ 30 ምክር ቤቱ ሲዘጋ፣ ተወካያችን መራጩን ሊያወያዩ ሲመጡ፣ ያቺን ወረቀት ይዤ መጠየቅ እፈልጋለሁ።