ምላሳችን ላቦራቶሪ ነው

የሐዋሳን ሸማች ላየ ሰው ኬሚስትሪ የሚባል ትምህርት ትርፍ ወጪ ነው። ሸማቹ መናኸሪያው አካባቢ ከፌስታል የወጣችውን ኪኒን ተቀብሎ በፊት ጥርሱ ቆንጠር ያደርጋታል፤ ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ያጨማድድና «ይቺስ ኦሪጅናል ናት!» ብሎ ይፈርዳል። አለቀ። ወረፋ የለ፣ ይግባኝ የለ።

ምስኪኑ ባለሙያ ግን ኪኒኗን ፈጭቶ በሜታኖል ያሟሟታል፤ አጣርቶ ሁለት ማይክሮ ሊትር ያህል ሲሊካ የሚባል ደቃቅ ዱቄት በተቀባ ሳህን ላይ ጠብ ያደርጋል። አጠገቧ የትክክለኛውን መድኃኒት ሁለት ነጥቦች ያኖራል፤ አንዱ የሙሉ መጠኑ 100 በመቶ፣ ሌላው 80 በመቶ። ፈሳሹ ሳህኑን እስኪወጣ ጠብቆ በ254 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ብርሃን ያያል። ነጥቧ ከእነዚያ እኩል ካልወጣች መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ከ80ው ከደበዘዘች መጠኑ ጎድሏል። ይህን ሁሉ ደክሞ እንኳ አያምንም፤ ልኩን ለማወቅ ኤችፒኤልሲ የሚባል የመድኃኒት መጠን መለኪያ መሣሪያ ይፈልጋል። ምላስ ያልፈጠረበት!

አጭበርባሪዎቹም ለምላስ ክብር አላቸው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከተያዙት የሐሰት አርቴሱኔት የወባ ኪኒኖች አንዳንዶቹ ውስጥ ክሎሮኪን የተባለው የድሮ የወባ መድኃኒት ተገኝቷል፦ መራራ፣ ያውም ሆሎግራም ባለው ፓኬት።

አፍንጫችንም አይታማም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታት፣ እርጥበት የነካት አስፕሪን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ስትሸት «ኃይሏን እዩልኝ» እንላለን። ሽታው አስፕሪኗ ፈርሳ የወጣ አሴቲክ አሲድ ነው፤ የቀረው ሳሊሲሊክ አሲድ ጨጓራ ይልጣል። ይላጥ እንጂ፣ መሥራቷ በምን ይታወቅ?

ፓኬት መጣል ደግሞ ከሥልጣኔያችን ሁሉ የሚበልጠው ነው። ባች ቁጥሩ (ኪኒኗ ከየትኛው ዙር ምርት እንደሆነች የሚናገረው) አብሮ ይሄዳል፤ ከየት ፋብሪካ እንደወጣች የሚጠይቅ ነገረኛም አፉን ይይዛል። ፌስታሉ ውስጥ የፔኒሲሊን ዘመዱ አሞክሳሲሊንና የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ በዱቄት ይተሻሻሉ፤ ላቦራቶሪው የዳይክሎፌናክ ርዝራዥ ሲያገኝ ፋብሪካው ይጨምረው ፌስታሉ ያስነካው መለየት ይቸግረዋል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰውም ሳይታዘዝለት ይደርሰዋል፤ በነፃ።

ታማሚው ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ሲገባማ ቅኔው ይሞላል።

«ምን ወሰደ?»

«ነጯን።»

ሐኪሙ ሽንቱን በኦፒየት ስትሪፕ (ሞርፊን መሰል መድኃኒት በሚፈትሽ ወረቀት) ያያል፤ ስትሪፑ ሞርፊንን እንጂ ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ አይዝም፣ ኔጋቲቭ። እስቲ የተረፈችውን ኪኒን አምጡ ይላል። ቤተሰቡ ስስታም መሰለው እንዴ? ጎረቤት ወገቧን ስላመማት ጠዋት ሰጥተዋታል።