ሌሊት አልፎ ቀን የወደቀው ፕሮሰሰር

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለች አንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ሦስት ሰዎች ክርክር ይዘው አመሹ። አንዱ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ጌም ወዳጅ ነው። ሦስተኛው ኮምፒውተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሁለቱም «ጋሼ» የሚሏቸው ሰው ናቸው። ነገሩ የተነሣው ከአቀናባሪው ማሽን ነው፦ ኢንቴል ኮር አይ5-8600ኬ፣ ዜድ370 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋ ራም። ስድስቱም ኮር አብረው ሲሠሩ ፋብሪካው 4.1 ጊጋኸርዝ የፈቀደለትን ፕሮሰሰር አቀናባሪው ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብቶ፣ 1.28 ቮልት ሰጥቶ፣ 4.8 ላይ አውጥቶታል፤ ይህ ኦቨርክሎክ ይባላል። ክርክሩም እንዲህ ከፍ የተደረገ ፕሮሰሰር ማለፉ በምን ይታወቃል የሚል ነው።

«ሌሊቱን ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ፕራይም95ን ስሞል ኤፍኤፍቲ ላይ አድርጌ ለቀቅኩበት፤ አንድ ስህተት አልወጣውም» አለ አቀናባሪው፤ ፕራይም95 ፕሮሰሰርን በከባድ ስሌት የሚያስጨንቅ የመፈተኛ ፕሮግራም፣ ስሞል ኤፍኤፍቲም በውስጡ ያለ ኮሮቹን በብርቱ የሚያግል ምርጫ ነው። «በሁለተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ ድርግም ብሎ እንደገና ተነሣ። ፕሮሰሰሩ ፈተናውን አልፏል፤ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው።»

ተማሪው ወዲያው ገባበት። «ድሮም ነግሬሃለሁ። ፕራይም ማለት ፕሮሰሰር መጥበሻ ነው። በቀን ሥራው እንደዚያ የሚያስጨንቀው ማን አለ? አራት ሰዓት ከባድ ጌም ተጫወትበት፤ ካልቆመ ስቴብል (የማይናወጥ) ነው፣ አለቀ።»

ጋሼ ማኪያቷቸውን አስቀመጡ። «መጀመሪያ ልጠይቅህ እስቲ። ፈተናው ሲሮጥ ፍጥነቱ ስንት ነበር?»

«4.8 ነዋ ጋሼ።»

«በዓይንህ አይተኸዋል?»

ልጁ ስልኩን አወጣ። ሌሊት ስክሪኑን ፎቶ አንስቶታል፤ ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለው መከታተያ ፕሮግራም የኮሮቹን ፍጥነት በረድፍ ደርድሯል። «ማክሲመም» (ከፍተኛው) የሚለው ዓምድ 4.8 ይላል፤ እሱ ያየው ይህንን ነው። «ካረንት» (የዚያች ቅጽበት) የሚለው ግን ስድስቱም ላይ 4.6 ነው። ከሥሩ የኮሩ ሙቀት 84 ዲግሪ፣ ቮልቴጁ 1.23።

«ኤቪኤክስ ኦፍሴት ስንት ላይ ነው ያደረግኸው?»

«ሁለት። እንዳይግል ብዬ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ተፈታ። ኤቪኤክስ ብዙ ቁጥር በአንዴ የሚያሰላ፣ ፕሮሰሰሩን በጣም የሚያግል የትእዛዝ ዓይነት ነው። ኦፍሴት ሁለት ማለት የኤቪኤክስ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ፍጥነቱን የሚወስነው ማባዣ ከ48 (4.8 ጊጋኸርዝ) ወደ 46 ይውረድ ማለት ነው። ፕራይም95 ደግሞ ካልከለከሉት በስተቀር የሚሠራው በኤቪኤክስ ነው። ስለዚህ ያ ፕሮሰሰር ዘጠኝ ሰዓት የተፈተነው በ4.6 ነው፤ በ4.8 አንድ ደቂቃም በቅጡ አልተፈተነም። ኤክስፖርት ሲያደርግ ግን አንዱ ሥራ ኤቪኤክስ ይፈልጋል፣ ሌላው አይፈልግም፤ ፍጥነቱ 4.6 እና 4.8 መካከል ሲዋልል ይውላል። ወድቆ የተገኘውም ያልተፈተነው ፍጥነት ነው።

አቀናባሪው ግን በቀላሉ አልተረታም። «መብራት ጠፍቶ ቢሆንስ? ከተማችንን እያወቁ!» ዊንዶውስ የመዘገበው ከርነል-ፓወር 41 የሚል መስመር ብቻ ነው አለ፤ የስህተት ኮዱ ዜሮ።

ይሄ ጥያቄ ተገቢ ነው። ከርነል-ፓወር 41 የሚለው ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መነሣቱን ብቻ ነው። ኮዱ ዜሮ ሲሆን መብራት መጥፋቱም፣ ፕሮሰሰሩ ደርቆ መቅረቱም አንድ ዓይነት ምልክት ይተዋሉ። ጋሼ «ዋይፋዩስ ያን ጊዜ ጠፍቶ በራ?» ሲሉት አልጠፋም አለ፤ ፍሪጁም ሲሠራ ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው የሲስተም ሎጉን እንዲያይ ነገሩት፦ ዊያ-ሎገር (ዊንዶውስ የሃርድዌር ስህተት የሚመዘግብበት)፣ ቁጥር 19። ላፕቶፑ ላይ ያስቀመጠውን ቅጂ ከፍቶ ፈለገ። አራት አሉ። የመጨረሻው 2:38 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ38፣ ማሽኑ ከመጥፋቱ ሦስት ደቂቃ በፊት። ምንጩ «ፕሮሰሰር ኮር»፣ ዓይነቱ «ኢንተርናል ፓሪቲ ኤረር»።

ይህ መስመር ፕሮሰሰሩ ስቶ ራሱን አረመ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ ፕሮግራሙም አይቆምም። ኦቨርክሎክ በተደረገ ኢንቴል ላይ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ለፍጥነቱ የተሰጠው ቮልቴጅ ጥቂት አንሷል። ፍጥነቱን ከፍ ያደረገ ሰው ሁሉ ከፈተናው በኋላ ይህንን ሎግ ሳያይ «አለፈ» ማለት የለበትም።

ተማሪው «በሉ እንግዲህ፣ ፕራይም እንዳልያዘው ራሳችሁ መሰከራችሁ» አለ። ጋሼም መለሱ፦ «ጌሙስ ይይዘው ነበር? ጌም ሲቆም ከግራፊክስ ካርዱ ይሁን፣ ከድራይቨሩ፣ ከራሙ በምን ታውቃለህ? ፕራይም እኮ መልሱን ያውቀዋል፤ አስልቶ ያመሳክራል። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ያንን ሠራተኛ፣ በአንዱ ኮር ላይ የሚሮጠውን ስሌት፣ ያቆመዋል።» ሲቆምም «ራውንዲንግ ዋዝ 0.5፣ ኤክስፔክትድ ሌስ ዛን 0.4» ብሎ ይጽፋል፤ አምስቱ ኮሮች ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ማሽኑ በርቶ ስላደረ አለፈ የሚመስለው ሰው የሚሞኘው እዚህ ላይ ነው። የፕሮሰሰሩ አጠቃቀም ከ100 በመቶ ወደ 83 ወርዶ ከተገኘ አንዱ ኮር ሌሊት ወድቋል። «ሪዘልትስ» የሚባለውን የጽሑፍ ፋይል ከፍቶ ማየት ነው።

ጋሼ ሌላም ነገር ጨመሩ። ፈተናው ሌሊት ነው የተደረገው። ክፍሉ ሌሊት 20 ዲግሪ ከሆነና ቀን 31 ከደረሰ፣ ያ 11 ዲግሪ ሳይቀነስ ኮሩ ላይ ይደመራል፤ 84 የነበረው 95 ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነት የሚቀንሰው 100 ላይ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሲሊከን በሞቀ ቁጥር ለዚያው ፍጥነት ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል። በዚያ ላይ የ8600ኬ ክዳን ከቺፑ ጋር የተያያዘው በብየዳ ሳይሆን በፔስት ነው፤ ከላይ ምንም ዓይነት ሂት ሲንክ ቢጫንበት ሙቀቱ ከውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። አዳማ ከባሕር ወለል ወደ 1700 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል የሳሳ ነው፣ ያው ፋን በያው ዙር የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። አቧራውንማ የከተማው ሰው ያውቀዋል።

እስከዚህ ከጋሼ ጋር ነኝ። የተለየሁት መድኃኒቱ ላይ ነው። እሳቸው «ኦፍሴቱን ዜሮ አድርግና ኤቪኤክስ ያለበትን ስሞል ኤፍኤፍቲ 24 ሰዓት አስሩጥ» አሉ። በፔስት የተከደነ ቺፕ 4.8 ላይ፣ በአዳማ ቀትር፣ ያንን ቢያስሮጡት 100 ዲግሪ ነክቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔም የሚፈተነው 4.8 አይደለም። ተማሪው እውነት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ እንዲህ ያለ ጫና የቪዲዮ ሥራ ላይ አይመጣም። የጌም ፈተናው ግን ስህተትን ቆጥሮ ስለማያሳይ አይበቃም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ባዮሱን ወደ ፋብሪካው ቅንብር መልሼ ግማሽ ሰዓት እፈትነዋለሁ፤ በፋብሪካው ፍጥነትም ከወደቀ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ለምሳሌ ፓወር ሰፕላይ ወይም ራም፤ ኦቨርክሎኩን መውቀስ አይቻልም። ከዚያ ኤክስኤምፒን (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያስሮጠውን ቅንብር) አጥፍቼ ራሙን ፕሮሰሰሩ በይፋ በሚቀበለው 2666 ላይ አደርጋለሁ። ራም በ3200 እየሮጠ ኮር መፈተን ሁለት ተጠርጣሪ በአንድ ክፍል ማሰር ነው። ማባዣውን ወደምፈልገው ከፍ አድርጌ ሲነቤንች አር23 የተባለውን መፈተኛ አሥር ደቂቃ አስሮጣለሁ፤ ደካማው ቅንብር እዚያው ይወድቃል። ዋናው ፈተና ቀጥሎ ነው። ፕራይም95 ላይ ኤቪኤክስ2ንም ኤቪኤክስንም የሚያጠፉትን ሁለት ሳጥኖች ምልክት አድርጌ፣ ስሞል ኤፍኤፍቲ ስምንት ሰዓት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የቀትሩን ሙቀት እንዲያገኘው። «ካረንት» ዓምዱ ላይ ሙሉው ፍጥነት መኖሩን እያየሁ። ኤቪኤክሱን ለብቻው በኦፍሴቱ ፍጥነት አንድ ሰዓት። ራሙን በመጨረሻ ወደ ፍጥነቱ መልሼ፣ ራሙንም አብሮ የሚፈትነውን ብሌንድ የሚለውን የፕራይም95 ምርጫ አሳድረዋለሁ። ማሽኑ ከዩፒኤስ ጋር ይሁን፣ መብራት መጥፋት ከፕሮሰሰር መውደቅ ጋር እንዳይምታታ።

ፈተናው ቢወድቅ ቮልቴጁን በ0.01 ወይም በ0.02 ጨምሮ መድገም፤ ሙቀቱ 90ን ካለፈ ግን መጨመሩን ትቶ ማባዣውን በአንድ ማውረድ። ሎድ ላይን የሚባለውን ቅንብር የመጨረሻው ደረጃ ላይ መስቀልም አይመከርም። ጫና ሲበዛ ቮልቴጁ እንዳይወርድ ያደርጋል እውነት ነው፤ ጫናው በድንገት ሲነሣ ግን ቮልቴጁ ከተሰጠው በላይ ይዘላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው የልጁ የራሱ ሥራ ነው። 50 ጊጋ የሚሆን የሰርግ ቀረጻ በሰቨን ዚፕ ጨምቆ «ቴስት» የሚለውን መጫን። አንድ ፋይል ላይ የሲአርሲ (የፋይሉ ማመሳከሪያ ቁጥር) ስህተት ከወጣ ማሽኑ ሳይቆም መረጃ እያበላሸ ነው ማለት ነው። ሰው እንደገና የማያገባው ሰርግ ላይ ይህ ከመጥፋቱ የከፋ ነው።

4.8ቱን ግን እኔ አልፈርድለትም። 4.7 ላይ፣ ያንኑ 1.28 ቮልት እንደያዘ ይቀመጥ። አንድ ሰዓት በሚፈጅ ኤክስፖርት ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ደቂቃ ከሩብ ያህል ነው። ልጁ ስልኩ ላይ አስልቶ አየው፤ ዝም አለ፤ ከዚያ ጋሼን «ማባዣው 47 ከሆነ ኦፍሴቱን አንድ ላድርገው?» ብሎ ጠየቃቸው። 46 ላይ ለኤቪኤክስ ሌሊቱን ስላለፈ አዎ አሉት፤ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ደግመው።