የጎራዴ ዓሣ እባብ አይደለም

ለገጣፎ ያለው የሰፈራችን ቴሌግራም ላይ ከኦማን የተላከ የዓሣ ፎቶ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አረብ አገር ስላሉ እህቶቻችን «የባሕር እባብ እያበሏቸው ነው» የሚለው ወሬ አልበርድ ብሏል። ወገኖች፣ ይሄ እባብ አይደለም። የጎራዴ ዓሣ ነው።

እስኪ ፎቶውን አስፍታችሁ እዩት። ከራሱ በስተኋላ የስንጥቡ ክዳን ይታያል። የሚተነፍሰው በስንጥብ ነው። የባሕር እባብ ግን ሳንባ ስላለው አየር ለመሳብ ወደ ላይ ይወጣል። ጀርባውንም ተመልከቱ፤ ከራሱ ጀምሮ ወደ ጅራቱ የሚዘልቅ አንድ ረጅም ክንፍ አለው። ጅራቱ እየቀጠነ ሄዶ እንደ ፀጉር ይሾላል፣ ጫፉ ላይ ክንፍ የለውም። የባሕር እባብ ጅራት ደግሞ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው።

ዘመዶቹ እነማን መሰሏችሁ? በጣሳ የምንገዛው ቱናና ማኬሬል! ዛሬ በሕይወት ያሉት የጎራዴ ዓሣ ዝርያዎች ከ40 ይበልጣሉ። የጠፉም አሉ። አኔንኬለም የሚባለው ስዊዘርላንድ ውስጥ ግላሩስ በተባለ ቦታ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተፈጠረ ድንጋይ ውስጥ ተገኝቷል። ያኔም ቢሆን ቀጭንና ረጅም ነበር።

«ቅርፊት የለውም» ያላችሁት ግን እውነት ነው። እንደ አምባዛ ቅርፊት አልባ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ቆዳው ራሱ ነው። በዚህ ምክንያት አልበላም የሚል ሰው መብቱ ነው፣ አከብራለሁ። አረብ አገር ሠርተው የሚበሉ እህቶቻችንን ግን «እባብ በሉ» እያላችሁ አታሸማቅቋቸው።