«ነገ ትነሳለች»

የአባቴን ቬስፓ ሞተር ሳይክል ከመጋዘን ካወጣኋት ስምንት ወር ሆነኝ። መካኒኩ አሁንም «ነገ ትነሳለች» ይለኛል። ኧረ የትኛው ነገ! ሰርባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ ዓመታት የተኛው ቤንዚን እንደ ሙጫ ሆኖ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ደፍኖታል፤ ይሄን የማውቀው ራሴ ፈትቼ ያቺን የመርፌ ቀዳዳ የምታክል የነዳጅ ማሳለፊያ በቀጭን ሽቦ ስጠርግ ስላመሸሁ ነው (በሽቦ መንካት እንደሌለብኝ የሰማሁት በኋላ ነው፣ እሺ)። መካኒኩ ግን ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠውን) ብቻ ይቀይራል። ሦስተኛ ካንዴላ! ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ዘይት ያልነካው ቤንዚን ሞልቶባት ፔዳሏን ሲረግጥ ደረስኩበት። ሰውዬ፣ ይቺ እኮ ባለ ሁለት ምት ሞተር ናት፣ በየሊትሩ 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ካልተቀላቀለላት ፒስተኗ ግሎ ይጣበቃል። «መኪና ላይ እንደዚህ አናደርግም» አለኝ። መኪና ናት እንዴ? ዛሬ ጠዋት ደወለልኝ። ካንዴላ ይዘህ ና አለኝ።